ጣሪያው የማን ነው?

ከአራት ዓመት በፊት የኮንዶሚኒየማችን አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ አንዲት እናት በየቤቱ እየዞሩ አንኳኩ። «ልጄ፣ አሸንዳው ተደፍኖ ውኃው ቤቴ እየገባ ነው፤ እናዋጣና ይጠገን» አሉኝ። እኔ ግራውንድ ነኝ። «የእኔ ቤት አያፈስም እኮ፣ እትዬ» ብዬ ሸኘኋቸው። በዚያው ሰሞን ለሳሎኔ ሴራሚክና ጂፕሰም ብዙ ብር አወጣሁ።

ውኃ ግን ካርታ አያነብም። በየክረምቱ በግድግዳው እየወረደ ደረጃው ላይ ደረሰ። ልስኑ ረገፈ፤ ፌሮው ዛገ። ዘንድሮ ቤቱን ልሸጥ ስል ደላላ ገዢ አመጣልኝ። ሰውየው መግቢያው ላይ ቆሞ ደረጃውን አየ፤ ሴራሚኬን ሳያይ ተመለሰ።

የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ጣሪያውንም ደረጃውንም የሁላችን የጋራ ሀብት አድርጎ ነበር የደነገገው። እኛ ግን «የጋራ» ሲባል «የማንም ያልሆነ» ብለን እንሰማለን።

ባለፈው ቅዳሜ መዋጮዬን ይዤ የእትዬን በር አንኳኳሁ። ያኔ አሸንዳውን ለማስጠገን ይበቃ የነበረው ብር ዛሬ ለልስኑም አይበቃም።

ክረምቱ ሳይገባ የእናንተን ጣሪያ ወጥቶ ያየ አለ?