ከኡንጉጃ እስከ ፔምባ፦ የግማሽ ሰዓት ሙሳፊሮች

ከታንዛንያ የባሕር ጠረፍ ባሻገር፣ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ፣ ሕዝባቸው በአመዛኙ ሙስሊም የሆነ ሁለት ጎረቤት ደሴቶች ይገኛሉ። ዛንዚባር ሲባል ሁለቱንም ያጠቃልላል፤ ትልቋ ኡንጉጃ፣ ታናሿ ፔምባ ናት። ከኡንጉጃው የአቤይድ አማኒ ካሩሜ አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥቶ በቻኬ ቻኬ ከተማ አጠገብ እስካለው የፔምባ ማረፊያ ድረስ የአየር ርቀቱ 125 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ትናንሾቹ አውሮፕላኖች ይህን በግማሽ ሰዓት ያህል ይጨርሱታል።

ከመስኮቱ ወደ ታች ስንመለከት በመጀመሪያ ፈዛዛው የዳርቻ ውሃ፣ ቀጥሎ የጠቆረው ጥልቅ ባሕር ይታየናል። ባሕሩን አይተን ሳንጠግብ ፔምባ ብቅ ትላለች። ዐረቦች «አረንጓዴዪቱ ደሴት» ማለታቸው እውነት ነው፤ ኮረብታዎቿን የቅርንፉድ ዛፍ አልብሷቸዋል። በለቀማው ወራት በየመንገዱ ዳር በሰሌን ላይ የተሰጣው ቅርንፉድ ሽታ እንግዳን ይቀበላል።

ታዲያ ላብ ሳያልበን፣ ሳንራብና ሳንጠማ የደረስን ሰዎች ሙሳፊር እንባላለን? ሶላትስ እንቀስራለን? ብዙ ወጣቶች የሚጠይቁት ጥያቄ ነው።

አብዛኞቹ ዑለማዎች የሚመለከቱት ርቀቱን እንጂ ድካሙን ወይም ሰዓቱን አይደለም። የቀስር ርቀት በዘመናችን መለኪያ 80 ኪሎ ሜትር ወይም ጥቂት ከፍ ያለ ተብሎ ይሰላል፤ የፔምባ መንገድ ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። ስለዚህ መንገደኛው ዙህርን፣ ዐስርንና ዒሻን ሁለት ሁለት ረከዓ ይሰግዳል፤ መግሪብና ሱብሒ አይቀሰሩም። ሆኖም ቀስር የሚጀምረው ከሚኖሩበት ከተማ ቤቶች ከወጡ በኋላ ነው።

የቀስር ፈቃድ በሱረቱ አን-ኒሳእ 101ኛ አንቀጽ ከፍርሃት ጋር ተያይዞ ተጠቅሷል። ሰዎች ሰላም ካገኙ በኋላስ? ብለው ዑመር (ረ.ዐ) በጠየቁ ጊዜ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ፈቃዱ ከአላህ የተለገሰ ሰደቃ በመሆኑ መቀበል እንደሚገባ እንደነገሯቸው ኢማም ሙስሊም ዘግበዋል። ስለዚህ ጉዞው ምቹ መሆኑ ስጦታውን አያስቀርም።

ይሁን እንጂ ከበታቻችን ያለውን ባሕር አንርሳ። የአውሮፕላን ዋጋ የማይደርስበት ቤተሰብ ይህንኑ መንገድ በመርከብ ለሰዓታት ይጓዛል። እ.ኤ.አ. መስከረም 10 ቀን 2011 ሌሊት «ስፓይስ አይላንደር» የተባለችው መርከብ ከመጠን በላይ ሰው ጭና ከኡንጉጃ ወደ ፔምባ ስትሄድ ሰጠመች። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ደብዛቸው የጠፋም ብዙ ነበሩ። ተሳፋሪ አማና ነው፤ ለጥቂት ትርፍ ሲባል ነፍስን አደጋ ላይ መጣል አማናን መብላት ነው።

እንግዲህ ወንድሞችና እህቶች፣ መንገዱ ሲያጥርልን ምስጋናችን አይጠር። የጉዞን ዱዓ ስናደርግ በባሕር ላይ ያሉትንም እናስታውስ። አላህ መንገደኛን ሁሉ በሰላም ያድርስ። አሚን።