በክረምት ከሆሳዕና ወደ ዱራሜ
ሆሳዕና የሐድያ ከተማ ናት። ዱራሜ የከምባታ ናት። በመካከላቸው አንጋጫ አለች። እኔና ጓደኛዬ መንገዱን በነሐሴ በመኪና ሄድንበት።

ሀምበሪቾ ተራራ ግርጌ ስንደርስ ጭጋግ ወረደ። ተራራው ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። ጓደኛዬ "ሳይመሽ እንለፍ" አለ። እኔ ግን "ገደሉ አይታይም፤ እዚሁ እንደር" አልኩት። መኪናው ውስጥ አደርን። ብርዱ ለጉድ ነው!

ሲነጋ በየጓሮው እንሰት ቆሞ አየን። በነሐሴ በብዙ ቤት የጎተራ እህል ያንሳል። እንሰት ግን የአጨዳ ወር አይጠብቅም። በተፈለገ ጊዜ ይቆረጣል፤ ይፋቃል፤ ጉድጓድ ውስጥ ይብላላል፤ ቆጮ ይሆናል። ለመድረስ ግን ዓመታት ይፈጃል።

አንዲት እናት ቆጮ በጎመን አቀረቡልን።

"ይህን እንሰት የተከልኩት እሷ ስትወለድ ነው" አሉን።

ልጅቱ የእጅ ውሃ ይዛ ቆማለች።