የጀግና ሠዓሊ የጓዳ ሥራ

ሰው በአደባባይ ሥራው ይመሰገናል፤ በጓዳ ሥራው ግን ይታወቃል። ይህ ነገር ለነጋዴም ለዳኛም እውነት ነው፤ ይልቁንም ዘመኑን ሁሉ የጀግና መልክ እየሣለ ለኖረ ሠዓሊ እውነት መሆኑን የሚከተለው ታሪክ ያስረዳል።

ከጐንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ፥ ኮሶዬ በምትባለው ደጋ፥ አንድ ሠዓሊ ደብተራ ይኖሩ ነበር። አገሩ ብርዳም ነው፤ አዝመራው ገብስ ነው፤ ከገደሉ አፋፍ ቆመው ቍልቍል ሲመለከቱ ቆላው በጉም ተሸፍኖ እንደ ባሕር ይታያል። እኒህ ሰው የታወቁት በቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ነው። ነጩን ፈረስ፥ ረጅሙን ጦር፥ ከፈረሱ እግር በታች የተጠቀለለውን ደራጎን፥ በዛፍ ላይ ተቀምጣ የምትመለከተውን ብሩታዊትን በሸራ ላይ እየሣሉ በየደብሩ ግድግዳ አስለጥፈዋል። ባለ ስለትም ቢመጣ ነጋዴም ቢመጣ የሚያዛቸው ያንኑ ነበር፤ ሌላ ሥዕል የጠየቃቸው ሰው የለም።

ባረፉ ጊዜ በጐንደር ከተማ አስተማሪ የሆነው ልጃቸው ሣጥናቸውን ከፈተ። ከላይ ያላለቁ ሦስት ጊዮርጊሶች ተገኙ። ከሥር ግን እርሱ ከቶ አይቶት የማያውቅ ሌላ ሥራ ነበረ፤ አህያውን አልሸጥም ብሎ የሚከራከር ሽማግሌ፥ በገብስ አውድማ ላይ የሚያንቀላፋ በሬ ነጂ፥ የቅዳሴ መጽሐፍ ላይ የወጣች ድመት፥ ደግሞም አንዲት ትንሽ ልጅ። ልጅቱ በአሥራ አንድ ወረቀት ላይ ተደጋግማ ተሥላለች፤ አንድ ጊዜ ጋቢ ተከናንባ፥ አንድ ጊዜ ጠቦት አቅፋ፥ አንድ ጊዜ ብቻዋን ተቀምጣ።

ለጎብኚዎች ሥዕል የሚሸጥ አንድ ነጋዴ መጥቶ ሣጥኑን አየ። ጊዮርጊሶቹን በጥሩ ዋጋ እወስዳለሁ አለ፤ የቀረውን ግን በጣቱ ገፋ አድርጎ፥ «ይህ ምን ይረባል? የሚጠይቀው የለም» ሲል ተናገረ። አስተማሪውም አፈረ። አባቱ በቤተ መቅደስ ባገለገሉበት እጅ ድመትና አህያ መሣላቸው ክብራቸውን የሚቀንስ መሰለው፤ ወረቀቱንም ሊያቃጥለው አሰበ።

በዚያው ወራት በአሜሪካ የሚኖር የአጎቱ ልጅ ስለ ኮሚክ ሠዓሊዎች የተጻፈ መጽሐፍ ላከለት። ኮሚክ ማለት ታሪክን በተከታታይ ሥዕልና በአጭር ጽሕፈት የሚናገር መጽሐፍ ነው። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በ44 ክፍል ከፋፍለው ከየሥዕሉ ጋር ቃሉን የሚጽፉትን የኢትዮጵያ ሠዓሊዎች ላወቀ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። በ2018 እንደ አውሮፓ አቈጣጠርም ጀምበር የተባለ ኢትዮጵያዊ ኃያል ጀግና በአማርኛና በእንግሊዝኛ ታትሞ ወጥቷል።

አስተማሪው በመጽሐፉ ውስጥ ያላሰበውን አገኘ። ከዚህ በታች ያለው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው። ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር የተባሉ ሁለት ወጣቶች የሱፐርማንን መብት በ1938 በ130 ዶላር ሸጡ፤ ጀግናው ለገዢው እጅግ ብዙ ሀብት ሲያመጣ እነርሱ በፍርድ ቤት ተከራክረው ሊያስመልሱት አልቻሉም። በ1948 ፈኒማን የሚባል አዲስ ሰው አወጡ፤ ይህ ሰው ትልቅ የሐሰት አፍንጫ አድርጎ ወንበዴዎችን በቀልድና በዘዴ የሚያሸንፍ አሥቂኝ ነበረ። 6 እትም ብቻ ወጥቶ ቀረ። ሆኖም ጉልበት ያጣ ሰው በሣቅ ሊከራከር እንደሚሞክር ከዚህ የተሻለ ምስክር የለም።

ጃክ ከርቢም እንዲሁ ነው። በ1941 ከጆ ሳይመን ጋር ሆኖ ሂትለርን በቡጢ የሚመታውን ካፒቴን አሜሪካን ያወጣ እርሱ ነው። ሸምግሎ ሳለ በ1983 ያደገበትን የኒው ዮርክ የድሆች ሰፈር በእርሳስ ሣለ፤ ሥራውም የታተመው በ1990 ነው። ከጀግኖቹ አንድ ስንኳ በውስጡ የለም፤ ያለው ጠባብ ቤት፥ እናት፥ የሚደባደቡ ልጆች ብቻ ነው።

አስተማሪውን ከሁሉ ይልቅ የነካው ግን የዊል አይስነር ነገር ነው። ይህ ሰው በ1940 በጀመረው ስፒሪት በሚባል ጭምብል ለባሽ ጀግና ታወቀ። በ1978 ግን «ከእግዚአብሔር ጋር የተደረገ ውል» የሚል መጽሐፍ አወጣ። በውስጡ አንድ ደግ አይሁዳዊ በልጅነቱ ከአምላክ ጋር የተዋዋለውን ውል በድንጋይ ላይ ይጽፋል፤ ካደገ በኋላም ከደጁ ተጥላ ያገኛትን ሕፃን አሳድጎ በሞት በተነጠቀ ጊዜ ድንጋዩን ይዞ አምላኩን ይወቅሳል። አይስነር ይህን ሲያሳትም የራሱ ልጅ በ16 ዓመቷ በደም ካንሰር መሞቷን ለአንባቢ አልተናገረም፤ ከብዙ ዘመን በኋላ ነው የገለጠው።

በጐንደር አገርም ነገሩ አዲስ አይደለም። በመልክአ መላእክት የተመሰገነ ደብተራ በጓዳው ክታብ ይሠራ ነበር፤ ብራናው በታማሚው ቁመት ልክ ይቈረጣል፤ ሱስንዮስም በፈረስ ተቀምጦ ሕፃናት ገዳይዋን ውርዝልያን ሲወጋ ይሣላል። ሊቃውንት ክታብን ይነቅፋሉ፤ ነቀፋቸውም ምክንያት አለው። ነገር ግን ያን ብራና ያዘዘችው ብዙ ጊዜ ልጅ የሞተባት እናት መሆኗ አይዘነጋም። በ1932 ደግሞ የፈረንሣይ ተመራማሪዎች በጐንደር ከአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን አሮጌዎቹን ሥዕሎች አንሥተው ወደ ፓሪስ ወሰዱ፤ በምትኩ ጋስቶን ሉዊ ሩ የሚባል ሠዓሊያቸው የሣለውን ቅጂ አኖሩ። ባለቤቱ ዋጋውን ካልመዘነው ሌላው ይመዝነዋል።

አስተማሪው ወደ ኮሶዬ ተመልሶ የልጅቱን ሥዕል ለእናቱ አሳያቸው።

«እምዬ፥ ይህች ማን ናት?» አላቸው።

እናቱ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አቀረቡትና ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። «እኅትህ ናት» አሉ በመጨረሻ፤ «አንተ ሳትወለድ በኩፍኝ ሞተችብን። ስድስት ዓመቷ ነበረ። አባትህ ከተቀበረች ወዲህ ስሟን አልጠራም፤ እኔም እንዳይከፋው ብዬ አልጠራሁም።»

ልጅቱ የተሣለችው እንደ ጻድቃን ሥርዐት በሁለት ዓይኗ ፊት ለፊት እየተመለከተች ነው፤ አክሊለ ብርሃን ግን አልተደረገላትም፤ አባቷ ሕጉን አልጣሱምና። አስተማሪው ወረቀቱን ካላለቁት ጊዮርጊሶች አጠገብ ዘረጋው። በዛፉ ላይ ያለችው ብሩታዊት ያችው ልጅ ነበረች። በማግስቱ ወደ ሁለት ደብር ሄዶ ግድግዳውን ተመለከተ፤ በዚያም ያችው ናት። ሰው ሁሉ ፈረሱንና ጦሩን ሲያደንቅ አባትየው ዕድሜ ልካቸውን የሣሉት ሳይደርሱላት የቀሩትን ልጅ የሚያድን ሰው ነበረ።

ነጋዴው ሲመለስ አስተማሪው ጊዮርጊሶቹንም ወረቀቶቹንም አልሸጠለትም። አንዱን ጠቦት ያቀፈችበትን በእናቱ ቤት ግድግዳ ላይ ሰቀለው፤ እናቱም ከዚያ ቀን ጀምሮ የልጃቸውን ስም ይጠራሉ።