ማን ቀዳው?

አክስቴ ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በታች ነው የምትኖረው። ሰው ጠበል በጀሪካን ሲያመጣላት ዝም ብላ አትቀበልም። መጀመሪያ ትጠይቃለች፦ «ማን ቀዳው? በምን ዕቃ?» መልሱ ካላረካት ነጠላዋን አጣፍታ ራሷ ዳገቱን ትወጣለች። እኔ ደግሞ ዘመናዊ ነኝና ስስቅባት ኖሬያለሁ። እነሆ ዛሬ ያ ሳቅ እንዴት እንደጠፋብኝ ላጫውታችሁ።

የካቲት 2 ቀን 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ መዘጋታቸውን ታስታውሳላችሁ። ከተማው ሁሉ ቪፒኤን ፈላጊ ሆነ። ለእኛ ቤት ግን ነገሩ የቲክቶክ ናፍቆት አልነበረም። ቤይሩት በሰው ቤት የምትሠራው የአክስቴ ልጅ ደኅንነቷን የምትነግረን በሜሴንጀር ብቻ ነው። ማታ ማታ ተደብቃ ሁለት መስመር ትጽፋለች፣ እኔ ለእናቷ አነባለሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ምንም የለም። የኪዳነ ምሕረት ዋዜማ፣ የካቲት 15 ማታ፣ አክስቴ ቤት ያለውን አሮጌ ላፕቶፕ አቅፋ መጣችና ምንም ሳትናገር ጭኔ ላይ አስቀመጠችው።

ላፕቶፑ ላይ ድሮ የጫንኩት ቶር ብሮውዘር አለ። ለማታውቁት፦ ቶር ጥያቄያችሁን መስጥሮ በሦስት ኮምፒውተሮች በኩል አዙሮ ያደርሳል። የመጀመሪያው ማን እንደሆናችሁ ያያል፣ ወዴት እንደምትሄዱ ግን አያይም። የመጨረሻው ወዴት እንደምትሄዱ ያያል፣ ማን እንደሆናችሁ ግን አያውቅም። ከፈትኩት። መገናኘት ጀመረና ቀጥ አለ። «ድልድይ» የሚባሉትን፣ ቶር መሆኑ እንዳይታወቅ የሚሸፍኑትን መግቢያዎች ቀያየርኩ። ያው ነው። ከቶር ውጭ ሌላ ድረ ገጽ ብሞክርም «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» እያለ ያስፈራራኛል።

«ዘግተውታል!» አልኩ በልበ ሙሉነት። ለነገሩ ያለ ምክንያት አልጠረጠርኩም። በግንቦት 2004 ዓ.ም. የቶር ባለሙያዎች ኢትዮጵያ ውስጥ የኢንተርኔት ትራፊኩን ሰርስሮ እያየ ቶርን ለይቶ የሚያግድ ቴክኖሎጂ ሥራ ላይ መዋሉን አሳውቀው ነበር።

በማግስቱ የሰፈራችን ኮምፒውተር ጠጋኝ ልጅ ፍላሽ ይዞ ከተፍ አለ። «ብሮ፣ ያንተ አርጅቶ ነው። አዲሱ አፕዴት ይኸውልህ፣ ጫነው።» ጣቴ ማውሱ ላይ ነበር። አክስቴ ቡና እያቀረበች ጠየቀችው፦

«ከማን ቀዳኸው?»

«ከጓደኛዬ።»

«እሱስ?»

«እሱ… ከሌላ ሰው መሰለኝ።»

አክስቴ አየችኝ። እኔም አንድ ታሪክ ትዝ አለኝ። በኅዳር 2010 ዓ.ም. በካናዳ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ አንድ ጥናት አውጥቶ ነበር። በውጭ አገር ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎች የቪዲዮ ሊንክ በኢሜይል ይላካል። ሲከፍቱት ገጹ «የፍላሽ ማጫወቻችሁ አርጅቷል፣ አፕዴት አድርጉ» ይላቸዋል። አፕዴቱ የያዘው ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ የሠራው የስለላ ሶፍትዌር ነበር። ወጥመዱ «አሮጌ ነህ፣ ታደስ» የሚለው ቅን ምክር ራሱ ነበር!

እንግዲያው አፕዴት አለማድረግ ይሻላላ? አይሻልም። በኦገስት 2013 እ.ኤ.አ. የቶር ተጠቃሚዎችን ማንነት የሚያጋልጥ ጥቃት ሲደርስ የተጎዱት አሮጌውን ዊንዶውስ ላይ ይዘው የተቀመጡት ነበሩ። ቀዳዳውን የሚደፍነው አዲስ እትም ከወጣ ከወር በላይ ሆኖት ነበር። ብታድስም ፈራህ፣ ባታድስም ፈራህ። እንዲህ ያለውን ነገር የሚያስተምር ሰው ደግሞ በአገራችን እንደ ልብ አልነበረም። በ2006 ዓ.ም. በታሰሩት የዞን 9 ጦማሪዎች ክስ ውስጥ የኮምፒውተር ደኅንነት ሥልጠና መውሰዳቸው እንደ ጥፋት ተቆጥሮ ቀርቦ ነበር።

ፍላሹን መለስኩለት። ልጁን ተንኮለኛ ነው አላልኩም። ፋይሉ ግን የአዘጋጆቹ የፊርማ ፋይል አብሮት የለም፣ በስንት እጅ እንዳለፈ የሚናገርም የለም። ከዚያ ከመጀመሪያው ማድረግ የነበረብኝን አደረግኩ፦ ቶር ራሱ የሚጽፈውን የስህተት መዝገብ ከፍቼ አነበብኩ። «የኮምፒውተርህ ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል» ይላል። ቀኑን አየሁት። ዓመተ ምሕረቱ 2015!

የላፕቶፑ የሰዓት ባትሪ ሞቷል፣ በጠፋ ቁጥር ቀኑ ይዛባል። የአክስቴ ትንሹ ልጅ ደግሞ ሊያግዝ ብሎ «አስተካክሎታል»። ወር 6፣ ዓመት 2015። በእኛ አቆጣጠር ምን ስህተት አለው? ቶር ግን የመንገዶቹን ዝርዝር የሚቀበለው የሚሠራበትን ጊዜ አይቶ ነው። ከ7 ዓመት በላይ ወደ ኋላ ለቀረ ኮምፒውተር የዛሬው ዝርዝር ገና ያልተወለደ ነው። የሌሎቹ ድረ ገጾች የምስክር ወረቀትም እንደዚያው። እኔ መንግሥትን ስከስ ያደርኩት በልጁ የቀን መቁጠሪያ ነው!

2023 ብዬ አረምኩት፣ ተገናኘ። ወዲያው ደግሞ «አዲስ እትም አለ» የሚል ማስታወቂያ ብቅ አለ። እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ግን ፈቀድኩ። ይህ ብሮውዘሩ ራሱ የሚያወርደው በአዘጋጆቹ ቁልፍ የተፈረመ ነው፣ ፊርማው ካልገጠመ አይጫንም። ማን እንደቀዳው ይታወቃል ማለት ነው። ከባዶ የምትጭኑ ካላችሁም ከራሱ ከቶር ፕሮጀክት ድረ ገጽ አውርዱ፣ ፊርማውንም አመሳክሩ። ገጹ ከተዘጋባችሁ «ጌት ቶር» ለተባለው አገልግሎታቸው ኢሜይል ጻፉ፣ ማውረጃውን ይልኩላችኋል።

ሜሴንጀር ተከፈተ። ሦስት መልእክት። የመጨረሻውን ጮክ ብዬ አነበብኩ፦ «ደህና ነኝ፣ አታስቢ። እንኳን ለኪዳነ ምሕረት አደረሰሽ።»

አክስቴ አልተነሳችም። «እሷ ለመሆኗ ምን ታውቃለህ?» አለችኝ።

ወደ ታች ወረድኩ። መጨረሻው ላይ «ያንቺው ጭልፊት» ይላል። ጭልፊት! በሕፃንነቷ ከእናቷ በቀር ማንም ያልጠራት ስም ነው።

አክስቴ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገችና ጀሪካኗን አንስታ ወደ ላይ ወጣች።