ከኮርቻው ተራራ ያላመጣሁት ፎቶ

ለሥራ ወደ ቺሊ ልሄድ ስነሳ የ10 ዓመቷ ልጄ ያዘዘችኝ ቸኮሌት አልነበረም። «አባዬ፣ የፕሮክሲማን ፕላኔት ፎቶ አንሥተህ አምጣልኝ» አለችኝ። በእናቷ ስልክ ላይ ቀይ ፀሐይ የወጣበት፣ ቋጥኝ የበዛበት አንድ ምስል አይታ ኖሯል። ከሥሩ ፕላኔቷ የተገኘችው ቺሊ ውስጥ ካለ ተራራ ላይ መሆኑ ተጽፏል። እኔም ብዙ ሳላስብ «እሺ» አልኳት።

ሳንቲያጎ ሥራችንን ስንጨርስ ሁለት ቀን ተረፈን። ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር መኪና ተከራይተን ወደ ሰሜን አቀናንና ላ ሴሬና በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ አደርን። በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። ላ ሲያ የተባለው፣ የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚያስተዳድሩት የከዋክብት ምርምር ማዕከል ለጎብኚ በነፃ ክፍት ነው። አስቀድመን ተመዝግበን ስለነበር በጠዋት ተነሣን።

ከላ ሴሬና ተራራው ድረስ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከተማውን ለቅቀን ብዙም ሳንርቅ አረንጓዴ ነገር ከዓይናችን እየጠፋ ሄደ። የአታካማ በረሃ ደቡባዊ ጠርዝ ነው፤ ቡናማ ኮረብታ ከቡናማ ኮረብታ ጀርባ ይደረደራል፤ ደመና የሚባል የለም። ላ ሲያ በስፔን ቋንቋ «ኮርቻ» ማለት ነው፤ ስሙ ከተራራው ቅርጽ የመጣ ነው። በጀርባው ላይ የተደረደሩት ነጫጭ ጉልላቶች ከሩቅ ሲታዩ ሰጎን ጥላቸው የሄደች እንቁላሎች ይመስላሉ። ከፍታው 2,400 ሜትር ነው። ባልደረቦቼ ዳገቱን ሲወጡ ሲያለከልኩ፣ እኔ የአዲስ አበባ ሰው ምንም አልመሰለኝም።

አስጎብኛችን ወጣት ቺሊያዊት ናት። የልጄን ትእዛዝ ስነግራት ፈገግ አለች። «ፎቶ የለም» አለችኝ። «ልጅህ ያየችው ሠዓሊ በምናቡ የሣለውን ነው። ፕላኔቷን በዓይኑ ያየ ሰው የለም። ያገኟት ሰዎችም አላዩዋትም።»

በረሃውን አቋርጬ የመጣሁት ለዚህ ነው? ቅር አለኝ። አስጎብኛችን ግን ወደ ትልቁ ጉልላት እየመራችን «ልጅህን ሁለት እጇን ይዘህ አሽከርክረሃት ታውቃለህ?» ስትል ጠየቀችኝ። «ታውቃለህ፣ እሷን ስታሽከረክር አንተም ቀጥ ብለህ አትቆምም፤ ወደ ኋላ ትለጠጣለህ፣ ትወዛወዛለህ። ጨለማ ሆኖ ልጅቷ ባትታይ እንኳ፣ አንተን ብቻ የሚያይ ሰው አንድ ነገር ይዘህ እንደምትዞር ያውቃል።»

ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው። ፕሮክሲማ ሴንታውሪ ከፀሐይ ቀጥሎ ለእኛ የሚቀርበው ኮከብ ነው፤ ርቀቱ 4.24 የብርሃን ዓመት ነው። ያም ሆኖ በዓይን አይታይም። የተገኘውም እ.ኤ.አ. በ1915 ብቻ ሲሆን፣ ያገኘው ደቡብ አፍሪካ ጆሃንስበርግ ይሠራ የነበረው ሮበርት ኢነስ ነው። ፕሮክሲማ ቀይ ድንክ ከሚባሉት ወገን ነው። እነዚህ ከፀሐይ ያነሱ፣ ቀዝቀዝ ያሉና ደብዛዛ ኮከቦች ናቸው። በእኛ ፍኖተ ሐሊብ ካሉት ኮከቦች ከአራቱ ሦስቱ ያህል ቀይ ድንክ ናቸው፤ ከእነሱ አንዱም ግን ያለ መሣሪያ አይታይም።

ፕላኔት ፈላጊዎች የሚወዷቸው ታዲያ ለምንድን ነው? ኮከቡ ቀላል ስለሆነ ትንሽ ፕላኔት እንኳ ታወዛውዘዋለች። ግዙፍ ሰው ሕፃን ሲያሽከረክር ብዙም አይነቃነቅም፤ ቀጭን ወንድሟ ቢያሽከረክራት ግን ይንገዳገዳል። የፕሮክሲማ ክብደት ከፀሐይ ክብደት ከመቶ 12 እጅ ያህል ብቻ ነው።

ውዝዋዜውን የሚለካው ከ2003 ጀምሮ ከዚህ ቴሌስኮፕ ጋር የሚሠራው ሃርፕስ የተባለ መሣሪያ ነው። የአምቡላንስ ጩኸት ሲቀርብ ይቀጥናል፣ ሲርቅ ይወፍራል። የኮከብ ብርሃንም ሲቀርብ ወደ ሰማያዊ፣ ሲርቅ ወደ ቀይ እጅግ በጥቂቱ ያዘነብላል። ሃርፕስ ያንን ጥቂት ለመለየት ብርሃኑን በቀለም በቀለሙ ይበትነዋል። 3.6 ሜትር ስፋት ያለው መስተዋት የተገጠመለትን ቴሌስኮፕ አየን፤ ሃርፕስን ግን አላየንም። አየር ተመጥጦ በወጣለት ጋን ውስጥ ተዘግቶበት፣ ሙቀቱ ከዲግሪ መቶኛ በላይ እንዳይለዋወጥ ይጠበቃል።

ፕሮክሲማ በስንት ፍጥነት እንደሚወዛወዝ ስሰማ ማመን አቃተኝ፤ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሰው በእግሩ የሚሄድበት ፍጥነት! ከ40 ትሪሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀት የአንድ ኮከብን የእግር ጉዞ ለኩት ማለት ነው።

ደግሞ አልቸኮሉም። ፍንጩ የታየው በ2013 ነበር። ነገር ግን ቀይ ድንኮች ነውጠኞች ናቸው፤ በገጻቸው ላይ የሚታየው ጥቁር ነጥብና የሚፈነዳው ነበልባል ፕላኔት ያለ ሊያስመስል ይችላል። ስለዚህ በ2016 የመጀመሪያ ወራት ኮከቡን በሃርፕስ በተከታታይ ተከታተሉት፤ በሌሎች ቴሌስኮፖችም ድምቀቱን ጎን ለጎን ለኩ። በጊለም አንግላዳ ኤስኩዴ የሚመራው ቡድን ውጤቱን ያሳወቀው በዚያው ዓመት ነሐሴ 24 ቀን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ፕላኔቷ ቢያንስ መሬትን የሚያህል ክብደት አላት፤ ኮከቧን በ11.2 ቀን ትዞራለች።

ከትልቁ ጉልላት ወርደን አንድ ሌላ ትንሽ ቤት አሳየችን። ትራፒስት ይባላል፤ ቴሌስኮፑ 60 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሲሆን የሚታዘዘው ቤልጂግ ካለው ከሊዬዥ ዩኒቨርሲቲ ነው። ይህ ደግሞ ፕላኔት በኮከቧ ፊት ስታልፍ ብርሃኑ የሚቀንሰውን ይለካል። የእሳት እራት በስታዲየም መብራት ፊት ብታልፍ ማን ልብ ይላል? በኩራዝ ፊት ስታልፍ ግን ቤቱ ውስጥ ጥላ ይወድቃል። በዚህ ቴሌስኮፕ ፍንጭ ተጀምሮ፣ 40 የብርሃን ዓመት በሚርቅ አንድ ቀይ ድንክ ዙሪያ ሰባት ፕላኔቶች መኖራቸው በ2017 ታወቀ።

እኔም ከአገሬ የያዝኩትን ለአስጎብኛችን ነገርኳት። በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለየአገሩ የመሰየም ዕድል ሲሰጥ፣ ለኢትዮጵያ የደረሰው ኮከብ «ቡና»፣ ፕላኔቷ «አቦል» ተብለዋል። ቡና ቀይ ድንክ አይደለም፤ አቦል የተገኘችው ግን በዚሁ በውዝዋዜ መንገድ ነው። አቦል ምን ማለት እንደሆነ ሳስረዳት ሁለተኛውና ሦስተኛውስ ምን ይባላሉ አለችኝ። ቶናና በረካ አልኳት።

ቤት ስገባ ልጄ ገና ሻንጣው ሳይከፈት «ፎቶውስ?» አለች። እውነቱን ነገርኳት፤ ፎቶ የለም፣ ያየሽው ሥዕል ነው። ከንፈሯን ጣለች። «እዚያ ልጆች አሉ?» አለችኝ። ፕላኔቷ አየር ይኑራት አይኑራት ገና አልታወቀም፤ ኮከቡም ነበልባል ይተፋባታል አልኳት። እዚያ ብትወለድ ግን በየ11 ቀኑ ልደት እንደሚከበርላትና አሁን ከ320 ዓመት በላይ ይሆናት እንደነበር ስነግራት ትንሽ ሳቀች።

በግንቦት አንድ ምሽት አምስት ሰዓት ገደማ ሰፈሩ መብራት ጠፋ። ቀስቅሼ ግቢ አወጣኋት። ወደ ደቡብ፣ ከአድማስ ብዙም ከፍ ሳይሉ፣ ሁለት ደማቅ ኮከቦች ጎን ለጎን ይታያሉ። በግራ በኩል ያለው አልፋ ሴንታውሪ ነው። ፕሮክሲማ እዚያው አጠገቡ ነው።

«የታለ?»

«አይታይም።»

«ታዲያ እሱ ራሱ ካልታየ ፕላኔት እንዳለው በምን አወቁ?»

ሁለት እጇን ይዤ አሽከረከርኳት። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፤ እግሮቿ ከመሬት ተነሡ፣ እኔም ወደ ኋላ ተለጠጥኩ። ባለቤቴ ከበሩ ላይ «ኧረ በዚህ ጨለማ! ትወድቃላችሁ!» ብላ ጮኸች።

ሳስቀምጣት እየተንገዳገደች ሳቀች። «አንተም ትወዛወዛለህ» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት። «በዚህ አወቁ።»