ከ105 በታች

«80 ከሆነማ አልፋለች!» አልኩት ዶክተሩን። ፈገግ ብሎ ዝም አለኝ።

ምን ላድርግ፣ የሒሳብ መምህር ነኝ። እማዬ በከባድ የሳንባ ምች አይ ሲ ዩ ገብታ፣ በጉሮሮዋ ቱቦ ተጨምሮ በማሽን መተንፈስ ከጀመረች 6ኛ ቀኗ ነበር። ማሽኑን መቼ እንደሚነቅሉላት ስጨቀጭቀው ነው ዶክተሩ ስሌቱን ያሳየኝ። በደቂቃ ስንቴ እንደምትተነፍስ ይቆጥራሉ፤ ያንን በአንድ ትንፋሽ በምታስገባው አየር በሊትር ያካፍሉታል። መልሱ ከ105 በታች ከመጣ ለብቻዋ የመተንፈስ ተስፋ አላት። (በኋላ ሳነብ ያንግ እና ቶቢን የተባሉ ሐኪሞች በ1991 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ነገር ነው።) የእማዬ 28 ሲካፈል ለ0.35 ነበር። 80!

ከዚያ የማሽኑን እገዛ ቀንሰው ሞከሯት። ሙከራው ከ30 ደቂቃ እስከ 2 ሰዓት ይወስዳል። እማዬ ግን 20 ደቂቃ ሳይሞላት ሲስተሯ አስቆመችው። የኦክስጅኑ ቁጥር ገና 93 ላይ ነበር እኮ! ዶክተሩም መጥቶ አያትና ተስማማ፤ ወደ ማሽኑ መለሷት።

ጮህኩባት፤ አልደብቃችሁም። መድኃኒቱን ከውጭ ግዙ ሲሉን ስንገዛ ኪሳችን ባዶ ቀርቷል። ደግሞም ድንገተኛ ክፍል ማሽን የሚጠብቅ አንድ ወጣት ነበር። አባቱ ከእኔ ጋር አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ነው የሚያድሩት፤ ፌስታላቸውን እንደታቀፉ።

ሲስተሯ አልተቆጣችም። «መምህር፣ ግንባራቸውን አይተኸዋል? አልቧቸዋል። አንገታቸው ስር በየትንፋሹ ጎድጎድ ይላል። አክታ ስስብላቸው ደግሞ ሳላቸው አቅም የለውም። ዛሬ ነቅለን ማታ እንደገና ቱቦ ብናስገባ የባሰ ይጎዳሉ» አለችኝ።

እኔ ስንት ዓመት 50 ያመጣን አሳልፌ 49 ያመጣን የጣልኩ ሰው፣ ግንባር አይቼ አላውቅም።

ከሁለት ቀን በኋላ ደግመው ሞከሯት። ቁጥሩ 100 መጣ፤ ከበፊቱ የባሰ! ልቤ ቀጥ አለች። ሲስተሯ ግን አክታውን ስትስብላት እማዬ አልጋው እስኪነቃነቅ ሳለች። ግንባሯ ደረቅ ነው። ሰዓቱን ጨረሰች፣ ቱቦው ወጣ። በተዘጋ ድምፅ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «በልተሃል?» ብላ ነው።

ሲስተሯን ይቅርታ ጠየቅኳት። «ሁሉም ይጮኻል» ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ስወጣ አግዳሚው ባዶ ነበር። ልጁን በዚያው በመጀመሪያው ሙከራ ማታ ወደ ሌላ ሆስፒታል ልከውታል አሉኝ። የአባትየውን ስልክ እንኳ አልተቀበልኩም። እማዬ ዛሬ ቡና እያፈላች ስትስል ስሰማ ትዝ የሚሉኝ እሳቸው ናቸው።