የማይል ትኬትና የእናታችን ስንቅ



በዚህ ወር የምናወጋችሁ በቤታችን ስለተነሳ የአውሮፕላን ትኬት ጉዳይ ነው። «የትኬት ነገር ደግሞ ለቤተሰብ ምን ቁም ነገር አለው?» የሚል አይጠፋም። እኛም መጀመሪያ ነገሩ ገንዘብ መቆጠብ ብቻ መስሎን ነበር። ውሎ አድሮ ግን የሐላልና የሐራም፣ የአማናና የእውነት ጥያቄ ሆኖ አገኘነው።

እናታችን ላፍቶ ጉልት ላይ በርበሬ፣ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ እየቸረቸሩ ያሳደጉን ሴት ናቸው። አባታችን ወደ አኼራ ከሄዱ ወዲህ የቤቱ ምሰሶ እሳቸው ነበሩ። በየሳምንቱ እቁብ ይጥላሉ፤ እቁቡ ሲወጣላቸውም ለአንዳችን የትምህርት ቤት፣ ለሌላችን የሠርግ እየሆነ ዓመታት አለፉ። በመጨረሻ ግን አንዱን እቁብ ቋጥረው «ይኼኛው የዑምራዬ ነው፤ ማንም እንዳይነካው» አሉን። ማን ይነካዋል!

ገንዘቡ ለአንድ ሰው ይበቃል። ችግሩ እናታችን ብቻቸውን መሄድ አለመቻላቸው ነበር። ጉልበታቸው ያማቸዋል። በሰፋና በመርዋ መካከል የሚደረገው ሰዕይ ሰባት ጊዜ ሲቆጠር 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጠዋፉም ከዚያ በፊት አለ። ደግፎ የሚያስኬዳቸው፣ ካስፈለገም ወንበር የሚገፋላቸው ልጅ ያስፈልጋቸዋል። እኛ አዲስ አበባ ያለነው በደመወዝ የምንተዳደር ነን። ታላቅ ወንድማችን ቶሮንቶ፣ ካናዳ ነው፤ የሰው አገር ኑሮ፣ የቤት ኪራይና የልጆች ወጪ ይዞታል። ነገር ግን ሥራው ብዙ ጊዜ በአውሮፕላን ስለሚያመላልሰው «ገንዘብ ባይኖረኝም ማይል አለኝ» አለን። ጨዋታው ከዚህ ይጀምራል።

ማይል የሚባለው አየር መንገዶች ለደንበኞቻቸው የሚሰጡት የነጥብ ስጦታ ነው። ልማዱ የተስፋፋው አሜሪካን ኤርላይንስ እ.ኤ.አ. በ1981 ዓ.ም ካስጀመረው ወዲህ ነው። ተሳፋሪው በበረረ ቁጥር ነጥብ ይጠራቀምለታል፤ ሲበቃም በነጥቡ ትኬት ያወጣል። ግብሩንና አንዳንድ ክፍያዎችን ግን በገንዘብ ይከፍላል። የእኛው የኢትዮጵያ አየር መንገድም ሸባማይልስ የሚባል የራሱ መዝገብ አለው፤ አባል ለመሆን ምንም አይከፈልም። አየር መንገዱ በታኅሣሥ 2004 ዓ.ም ስታር አሊያንስ የሚባለውን የአየር መንገዶች ኅብረት ስለተቀላቀለ፣ ከኅብረቱ አባላት በአንዱ ነጥብ ያጠራቀመ ሰው በሌላው አውሮፕላን መሄድ ይችላል። የወንድማችን ነጥብ ያለው የኤር ካናዳ በሆነው ኤሮፕላን በሚባለው መዝገብ ውስጥ ነው። ታዲያ በካናዳ ነጥብ በኢትዮጵያ አውሮፕላን ተሳፍሮ ይመጣል ማለት ነው።

ሐሳባችን ወንድማችን ከቶሮንቶ አዲስ አበባ መጥቶ ጥቂት ሳምንት ከእኛ ጋር እንዲሰነብት፣ ከዚያም እናታችንን ይዞ ጂዳ እንዲገባ ነበር። የኤሮፕላን ደንብ በአንድ ትኬት ላይ በመንገድ አንድ ከተማ እስከ 45 ቀን መቆየትን 5,000 ነጥብ ተጨምሮበት ይፈቅዳል። የሁለቱንም ትኬት በነጥብ ከቻልን የእናታችን እቁብ ለማረፊያና ለሌላው ወጪ ይተርፋል ብለን አሰላን። በረመዷን የሚደረግ ዑምራ ያለውን ታላቅ ምንዳ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ስላስተማሩን ምኞታችን ለረመዷን ነበር።

ይሁንና ለረመዷን የሁለት ሰው መቀመጫ ብንፈልግ ብንፈልግ ጠፋ። አየር መንገዶች ለነጥብ የሚለቁት በገንዘብ አይሸጥም ብለው የገመቱትን ጥቂት መቀመጫ ነው፤ ሰው በሚበዛበት ወር ደግሞ የሚለቁት ያንሳል። ሌሊት ሌሊት ወንድማችን በቶሮንቶ፣ እኛ በላፍቶ ስልክ ይዘን ቀን ስንቆጥር እናታችን ሱብሒ ሊሰግዱ ይነሱና «አሁንም አላገኛችሁም?» ይሉናል። ድምፃቸው ውስጥ ያለውን ጉጉት ስንሰማ አንጀታችን ይላወስ ነበር።

በዚህ መካከል አንድ የሰፈር ልጅ ትኬት የሚያስቆርጥ ደላላ ይዞልን መጣ። ደላላው ማይል ካላቸው ሰዎች እየገዛ በእነሱ መዝገብ ለሌላ ሰው ትኬት ያወጣል። ሁለት መቀመጫ፣ በረመዷን፣ ያውም በግማሽ ዋጋ አለን። እኛም ደስታችን ወሰን አጣ። ልጁ ሊወጣ ሲል ግን በሩ ላይ ቆም ብሎ «ምናልባት ቦሌ ላይ ከጠየቋቸው፣ ‘ማይሉ የእህቴ ልጅ ነው፤ እሱ ነው የላከልኝ’ ይበሉ። ሌላ ምንም የለውም» አለ።

እናታችን ጀበናውን አስቀመጡት።

«ወደ አላህ ቤት ልሄድ ተነስቼ፣ ገና ቦሌ ሳልደርስ በማላውቀው ልጅ ስም ልዋሽ? ይቅርብኝ። ሳላየው ብሞት አላህ ኒያዬን ያውቀዋል» አሉ።

እህትና ወንድሞች፣ እውነቱን እንናገርና በዚያች ሰዓት በጣም አፈርን። ኪታብ ቀርተናል፣ ዓለማዊውንም ትምህርት ተምረን እናስተምራለን። የመዝገቡን ደንብ በእንግሊዝኛ ብናነበው ነጥቡን መሸጥና መለወጥ የተከለከለ እንደሆነ፣ የተደረሰበት ትኬትም ሊሰረዝ እንደሚችል በግልጽ ሰፍሮ እናገኘው ነበር። ግን አላነበብነውም፤ ማንበብም አልፈለግንም። እኛ ያላየነውን፣ ደንብ ማንበብ የማይችሉት እናታችን ከአንዲት ዓረፍተ ነገር አወቁት። ሙስሊም በገባው ውል የታሰረ ነው፤ ባለ ማይሉም ሲመዘገብ አልሸጥም ብሎ ተስማምቷል። ለዘመድ በስጦታ ትኬት ማውጣት ይፈቀዳል፤ ሽያጭን ስጦታ ብሎ መጥራት ግን ውሸት ነው። ሩቅ መንገድ ስለሄደው፣ ጠጉሩ ስለተንጨባረረው፣ ምግቡና ልብሱ ከሐራም ስለሆነው ሰው፣ እጁን ወደ ሰማይ ቢዘረጋም ዱዓው እንዴት ተቀባይ ያገኛል ተብሎ የተነገረውን ሐዲስ ስንቴ አስተምረናል! ትኬቱስ ከስንቁ አይቆጠርም ወይ?

ደላላውን አመስግነን አሰናበትነው። ይህን የሰሙት የቂርኣት ሸይኻችን ደስ ካላቸው በኋላ ሌላ ጥያቄ ጠየቁን፤ «የወንድማችሁስ ነጥብ የማን ነው?» አሉን። «የእሱ ነዋ!» አልናቸው። እሳቸው ግን የኢብኑል ሉትቢያን ታሪክ አስታወሱን። ይህ ሰው ዘካ ሊሰበስብ ተልኮ ሲመለስ ከፊሉን ለሕዝብ አስረክቦ ከፊሉን ግን ለእኔ በስጦታ የተሰጠኝ ነው ብሎ ለየ። ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) ሚንበር ላይ ወጥተው፣ በአባቱና በእናቱ ቤት ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ያ ስጦታ ይመጣለት እንደሆነ በመጠየቅ ገሠጹት። «ልጄ፣ ትኬቱን የገዛው መሥሪያ ቤቱ ከሆነ ወንድማችሁ መጀመሪያ ባለቤቱን ይጠይቅ። ከፈቀዱለት ሐላሉ ነው» አሉን ሸይኻችን።

ይህ ጥያቄ የእኛ የሙስሊሞች ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች በመንግሥት ጉዞ ያገኙትን ነጥብ ለግላቸው እንዲጠቀሙ በሕግ የተፈቀደላቸው እ.ኤ.አ. በ2001 ዓ.ም መጨረሻ ነው፤ ከዚያ በፊት ነጥቡ የመንግሥት ነበር። በጀርመን አገር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2002 ዓ.ም በሥራ ጉዞ የተገኘ ነጥብ ለግል መዋሉ ትልቅ ቅሌት ሆኖ፣ ግሬጎር ጊዚ የተባሉት ታዋቂ ፖለቲከኛ ከበርሊን የኢኮኖሚ ኃላፊነታቸው ለቀዋል። ለሹመቱ የሚጠነቀቅ ሰው እንዲህ ካደረገ ለአኼራው የሚጠነቀቅማ እንዴት አይጠይቅ?

ወንድማችን ለአለቆቹ ጻፈ። መልሱ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ፈጀ። በእነዚያ ሳምንታት ብቅ ብለው የነበሩ የረመዷን መቀመጫዎችም ተወሰዱ። መልሱ ሲመጣ፣ በበረራ ያገኘው ነጥብ የራሱ መሆኑን፣ በመሥሪያ ቤቱ ካርድ ዕቃ በመግዛት የተጠራቀመው ግን የመሥሪያ ቤቱ መሆኑን የሚገልጽ ሆነ። የእነሱን ቀንሶ ሲያሰላው ለሁለት ሰው የነበረው ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ ሆኖ ቀረ።

ሌላም መንገድ ቀርቦለት ነበር። በአንዳንድ አገሮች የባንክ ካርድ ያወጣና የተወሰነ ገንዘብ በካርዱ የገዛ ሰው የአጃቢ ቫውቸር ያገኛል። በእንግሊዝ አገር በብሪቲሽ ኤርዌይስና በአሜሪካን ኤክስፕረስ ስም የሚሰጠው ካርድ ለምሳሌ የታወቀ ነው። በቫውቸሩ ሁለተኛው ሰው ነጥብ ሳይቆረጥበት ወይም በትንሽ ነጥብ አብሮ ይጓዛል። ጥሩ ስጦታ ነው፤ ነገር ግን የካርዱ ዕዳ በጊዜው ካልተከፈለ ወለድ አለው፤ ወለዱ ደግሞ ሪባ ነው። በጊዜው እከፍላለሁ ብሎ ወለድ ያለበትን ውል መፈረሙን በተመለከተም ዑለሞች የተለያየ አስተያየት ስላላቸው፣ ወንድማችን ከጥርጣሬ መራቁን መረጠ።

ውጤቱን ለእናታችን ስንነግራቸው ያዝናሉ ብለን ፈርተን ነበር። እሳቸው ግን ሳቁ። «እሰየው! የእኔን በእቁቤ፣ በላቤ። ነጥቡ ለአጃቢዬ ይሁን» አሉ። የማረፊያውን እኛ ልጆቻቸው አዋጥተን፣ ቀጠሮው ከረመዷን ወደ ሙሐረም ተላለፈ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ለሌሎች ይጠቅም ዘንድ በአጭሩ እንንገራችሁ። አንደኛ፣ የሁለት ሰው መቀመጫ ስንፈልግ የለም ይለን የነበረው፣ የአንድ ሰው ስንፈልግ በብዙ ቀን ተገኘ፤ ስለዚህ ለየብቻ ፈልጉ። ሁለተኛ፣ የወንድማችን ጉዞ ከቶሮንቶ እስከ ጂዳ በአንድ ትኬት ላይ ነበር፤ አንዱ በረራ ቢዘገይ ቀጣዩን የማገናኘቱ ኃላፊነት የአየር መንገዱ ነው። ትኬቱን ለሁለት የቆረጠ ሰው ግን ካመለጠው በራሱ ነው። ሦስተኛ፣ የቪዛውን ነገር ሳታረጋግጡ ገንዘብም ነጥብም አታፍሱ። አራተኛ፣ ስም! የእናታችን ስም በፓስፖርታቸው በአንድ መንገድ፣ እኛ በለመድነው ደግሞ በሌላ መንገድ ይጻፋል። ልንከፍል ስንል ፊደል በፊደል ባናነበው ኖሮ ጥፋቱ የእኛው ይሆን ነበር። አምስተኛ፣ አንዱ በነጥብ፣ አንዱ በገንዘብ የተቆረጡ ትኬቶች የየራሳቸው ቁጥር ስላላቸው አንድ ቤተሰብ መሆናችሁን አስቀድማችሁ ለአየር መንገዱ አሳውቁ። ለሥራ ወደ ዓረብ አገር የምትመላለሱ እህቶቻችንም ተመዝገቡ፤ የመሳፈሪያ ወረቀታችሁንም አትጣሉ። ነጥብ ዕድሜ አለው፤ ሳይጠቀሙበት የሚጠፋ ሐቅ እንዳይሆን።

ቀኑ ደርሶ ወንድማችን ከ11,000 ኪሎ ሜትር በላይ አቋርጦ መጣ። ሁለት ሳምንት ከእናታችን እግር ሥር ሳይለይ ሰነበተ። በመጨረሻም ኢሕራሙን ከቤት ለብሶ፣ እናታችን ነጭ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ሰፈሩ በዱዓ ሸኛቸው። አውሮፕላኑ ላይ መቀመጫቸው ተራርቆ ነበር፤ አንዲት ወጣት እህት ቦታዋን ለቃ አገናኘቻቸው። አላህ ይስጣት። ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ጂዳ ገቡ።

ሲመለሱ ዘምዘም እያካፈሉን «ለእያንዳንዳችሁ ስማችሁን እየጠራሁ ዱዓ አድርጌያለሁ» አሉን። ከዚያ ትንሽ ዝም ብለው፣ «ለዚያ ለደላላው ልጅም አድርጌለታለሁ። ምን ያድርግ፣ እንጀራ ነው። አላህ ሐላሉን ይክፈትለት» አሉ።

የረመዷኑ ዑምራ አምልጦናል፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ይሁንና የመንገድ ስንቅ በላጩ አላህን መፍራት እንደሆነ በመድረሳ የተማርነውን ትርጉሙን ያየነው ያን ጊዜ ነው። ርካሽ ትኬት መፈለግ ብልህነት ነው፤ እኛም ነገ እንፈልጋለን። ዳሩ ግን ከዋጋው በፊት «የማን ነው? ፈቅዷል ወይ? ውሸት አለበት ወይ?» ብለን እንጠይቅ።

አላህ ሁላችንንም በሐላል ስንቅ ቤቱን ይወፍቀን። ወላሁ አዕለም።